ጨለማ ውስጥ የተዘረጋ ድር

ዊሊያም ሞሊኒው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደብሊን ላይ የኖረ፣ የሌንስንና የብርሃንን ነገር የሚያጠና ሰው ነበር። ባለቤቱ ሉሲ ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ ታመመችና የዓይኗን ብርሃን አጣች። በጁላይ 1688 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ አንድ ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ላከ። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ድቡልቡል ኳስንና ባለ ስድስት ገጽ ኩብን በእጁ ዳስሶ መለየት ለምዷል እንበል። ይህ ሰው አድጎ ዓይኑ ቢበራለት፣ ሳይነካ በማየት ብቻ የትኛው ኳስ የትኛው ኩብ እንደሆነ መናገር ይችላል ወይ? ሞሊኒው መልሱ «አይችልም» ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ሎክም በ1694 በታተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ጥያቄውን አካቶ ተስማማበት።

ሁለቱም ያመኑት አስበው እንጂ አይተው አልነበረም። በ1728 ግን ዊሊያም ቼዝልደን የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ በሕፃንነቱ በዓይን ሞራ ታውሮ የኖረ አንድ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ዓይን ገልጦ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ልጁ መጀመሪያ ላይ የሚያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው ይመስለው ነበር። ከሩቅና ከቅርብ አይለይም። ድመቷንና ውሻውን በማየት ብቻ መለየት አቅቶት፣ አንድ ቀን ድመቷን ያዛት፤ በእጁ እየዳበሰ ትኩር ብሎ ተመለከታትና ከእንግዲህ እንደማይረሳት ነግሮ ለቀቃት።

ያ ልጅ ዓይኑ ተከፍቶለት ነበር። ያልተከፈተለት ሌላ ነገር ነው። ይህ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ምክንያቱም ከዓይን እስከ አንጎል የተዘረጋውን ክር ማንም አይቶት አያውቅም ነበር።

ክሩን እንዲታይ ያደረገው በ1873 ካሚሎ ጎልጂ የተባለ ጣሊያናዊ ያገኘው የብር ቀለም ነው። ቀለሙ ከሺዎቹ የነርቭ ህዋሳት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ከነቅርንጫፎቻቸው ያጠቁራቸዋል፤ ለምን እንደሚመርጥ ግልጽ ባይሆንም፣ በጫካው ውስጥ አንዱን ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ለብቻው ለማየት አስቻለ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይህን ቀለም ይዞ ባርሴሎና ውስጥ ቀንና ሌሊት ሠራ። ብልሃቱ ያደገ አንጎል ትቶ ጽንስን መመልከቱ ላይ ነበር፤ ጫካው ጥቅጥቅ ከማለቱ በፊት ችግኙን እንደማየት። በ1890 በጫጩት ጽንስ ውስጥ፣ ገና በማደግ ላይ ባለ የነርቭ ክር ጫፍ ላይ አንድ እብጠት አየ፤ ጣት የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች የወጡበት፣ ሾጣጣ የሆነ። ያየው የሞተና የደረቀ ቁራጭ ነው። እሱ ግን ያ ጫፍ ሕይወት ሳለው መንገዱን እየዳሰሰ፣ መሰናክሉን እየገፋ እንደሚሄድ ወዲያው ገባው። ከዚያም አልፎ፣ ይህን ጫፍ የሚመራው በአካባቢው የሚረጭ ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ።

በ1907 አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ጽንስ የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ በሊምፍ ጠብታ ውስጥ አንጠልጥሎ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ክሩ በዓይኑ ፊት አደገ። ካሃል ከሞተ ቁራጭ ያነበበው እውነት ነበር።

አሁን ጥያቄው በትክክል ሊጠየቅ ቻለ። በሰው ልጅ ዓይን ጀርባ ላይ ሬቲና የሚባል፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ከእያንዳንዱ ዓይን ሬቲና አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ተነስተው፣ የእይታ ነርቭ በሚባል አንድ ገመድ ተጠቃለው ወደ አንጎል ይጓዛሉ። መሐል መንገድ ላይ የሁለቱ ዓይኖች ገመዶች ይገናኛሉ፤ በሰው ከክሮቹ ግማሽ የሚሆኑት ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራሉ፣ የቀሩት በመጡበት ወገን ይቀጥላሉ። ይህን ሁሉ ተጉዘው ሲደርሱ ሥርዓታቸው አይፈርስም፤ ሬቲና ላይ ጎረቤት የነበሩ አንጎል ላይም ጎረቤት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ክር ቤቱን እንዴት አገኘው?

በ1930ዎቹ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍ ያለ ስም የነበረው ፖል ዋይስ መልስ ነበረው። እንደሱ አስተሳሰብ ክሮቹ የተለየ አድራሻ የላቸውም፤ እንዳገኙ ይገናኛሉ፣ ትርጉም የሚሰጣቸው በኋላ የሚመጣው አሠራር ነው። ሮጀር ስፔሪ የዚሁ ሰው ተማሪ ነበር። ወጣትነቱን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የጀመረው ስፔሪ የመምህሩን ሐሳብ ከልቡ ለመፈተን ቆረጠ፤ ፈተናውም ሐሳቡን አፈረሰው።

ለሙከራው የመረጠው ኒውት የተባለውን፣ እንሽላሊት የሚመስል ግን የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ የውሃ ፍጥረት ነው። የኒውት የእይታ ነርቭ ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ የእኛ አይበቅልም። ስፔሪ ነርቩን ቆረጠ፤ ዓይኑንም እዚያው ቦታው ላይ 180 ዲግሪ አዞረው፤ ላይኛው ታች፣ ፊተኛው ኋላ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ እንስሳው ማየት ጀመረ። የሚያየው ግን ሁሉ የተገለበጠ ነበር። ምግቡ ከላይ ሲመጣለት ወደ ታች ይወረወራል፤ ከፊቱ ሲቀርብለት ወደ ኋላው ይዞራል። ልምድ ነርቭን የሚያርም ቢሆን ኖሮ ረሃብ ባስተካከለው ነበር። ግን ወር አልፎ ወር ሲተካ አንድም ቀን አልታረመም። ክሮቹ ዓይኑ መዞሩን አላወቁም፤ እያንዳንዱ ወደ ድሮ አድራሻው ነበር የተመለሰው።

ይህ በ1943 ታተመ። ስፔሪ ለ20 ዓመት ያህል በእንቁራሪትም በዓሣም ሲደጋግመው ቆይቶ፣ በ1963 ከዶሜኒካ አታርዲ ጋር ከሁሉም ይበልጥ የሚደንቀውን ውጤት አወጣ። የወርቃማ ዓሣን ሬቲና ግማሹን አነሱና ነርቩን ቆርጠው እንዲያድግ ተዉት። የተረፉት ክሮች ወደ አንጎል ሲገቡ ባዶ የሆነ፣ ባለቤት የሌለው ሰፊ ቦታ አጋጠማቸው። ዝም ብለው አለፉት። የራሳቸው ቦታ እስኪደርሱ አንዳቸውም አላረፉም። ስፔሪ በዚያው ዓመት የካሃልን የድሮ ግምት አንስቶ ወደ ሙሉ ሐሳብ አሳደገው፦ እያንዳንዱ ክርና እያንዳንዱ መድረሻ የየራሱ ኬሚካላዊ መታወቂያ አለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1963፣ ቦስተን ውስጥ ሁለት ሰዎች ታሪኩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት።

ዴቪድ ሂዩበል ካናዳዊ፣ ቶርስተን ቪዝል ስዊድናዊ ናቸው። የተገናኙት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ስቴፈን ከፍለር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ድመት አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው የአንድን ህዋስ ድምፅ ያዳምጡ ነበር፤ ህዋሱ ሲቀሰቀስ ድምፅ ማጉያው ይንጣጣል። ሰዓታት ሙሉ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ቢያሳዩትም አንዱ ህዋስ ዝም አለ። ድንገት ነጥቡ ያለበትን መስታወት ፕሮጀክተሩ ውስጥ ሲያስገቡ ድምፅ ማጉያው እንደ መትረየስ ተኮሰ። ህዋሱን የቀሰቀሰው ነጥቡ አልነበረም፤ መስታወቱ ሲገባ ጠርዙ የጣለው፣ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበለ ቀጭን ጥላ ነው። የአንጎል ቅርፊት ህዋሳት መስመር ያነባሉ፤ አንዱ የቆመውን፣ አንዱ የተጋደመውን።

ዓይናቸውን ገና ያልገለጡ ግልገሎች ላይ ሲሞክሩ ብዙዎቹ ህዋሳት ያለ አንዳች ልምድ መስመርን ማንበብ እንደሚችሉ አዩ። እስከዚህ ድረስ ስፔሪ ልክ ነው። ታዲያ የዓይን ሞራ ይዞት የተወለደ ሕፃን ሞራው ዘግይቶ ሲነሳለት ለምን በደንብ አያይም? ሐኪሞች ይህን ያውቁ ነበር፤ ያደገ ሰው ሞራ ሲነሳለት ማየት ይጀምራል፣ ልጅ ሆኖ የታወረው ግን ዓይኑ ጠርቶም ይደናበራል። ሂዩበልና ቪዝል የአንዲት ግልገል ድመት አንድ ዓይን ገና ሳይገለጥ የዓይን ቆቡን ሰፍተው፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፈቱት።

ዓይኑ ጤነኛ ነበር። ሬቲናው ይሠራል። ጥሩው ዓይን ሲሸፈን ግን ድመቷ እንደ ዕውር ትደናበር ነበር። አንጎሏ ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ከመረመሯቸው ከ80 የሚበልጡ ህዋሳት ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚሰሙት ሳይዘጋ የቆየውን ዓይን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተዘጋው ዓይን አንጎሉ ውስጥ የነበረውን ርስት ተነጥቋል።

የተነጠቀ መሆኑ የተረጋገጠው በ1965 ነው። ሁለቱንም ዓይን ሲዘጉ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ነበር የተጠበቀው፤ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፤ ብዙ ህዋሳት ለሁለቱም ዓይኖች ምላሽ መስጠታቸውን ቀጠሉ። የሚገድለው ጨለማው ብቻ ሳይሆን ከባላንጣ ጋር መወዳደሩ ነበር። በ1970 ደግሞ ጊዜውን ለኩት። የግልገሏ አንጎል ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ወይም ስምንተኛው ድረስ እጅግ ስስ ነው፤ ሦስተኛው ወር ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ያደገች ድመት ዓይኗ ለወራት ቢሰፋ ምንም አትሆንም።

የእነዚያ ግልገሎች ዓይን መሰፋቱን ሲያነቡ ልብ የሚሰቀጥጣቸው ሰዎች አሉ፤ ስሜታቸውም ተገቢ ነው። ከዚያ ሥራ የተገኘውን ግን ዛሬ በየሆስፒታሉ ማየት ይቻላል። የዓይን ሞራ ይዞት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ የሚቻኮለው ለዚህ ነው። አንድ ዓይኑ ሸውራራ ወይም ደካማ የሆነበት ልጅ ጥሩው ዓይኑ በጨርቅ እየተሸፈነ ደካማው እንዲሠራ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ቡፎን ሽፈናውን በ1743 መክሮ ነበር፤ ለምን እንደሚረዳና ለምን በልጅነት መሆን እንዳለበት ያስረዳው ግን የግልገሎቹ አንጎል ነው። ኖቤል ሽልማቱ በ1981 ሲሰጥ ሂዩበልና ቪዝል ግማሹን ተካፈሉ፤ ሌላውን ግማሽ የወሰደው፣ በሌላ ሥራው ይሁን እንጂ፣ ሮጀር ስፔሪ ነበር።

አንዱ «መንገዱ አስቀድሞ ተጽፏል» ይላል፤ ሌሎቹ «ብርሃን ካላየ ይጠፋል» ይላሉ። መሐሉን የሚሞላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

በ1976 ፓስኮ ራኪች በማሕፀን ውስጥ ያሉ የሬሰስ ጦጣ ጽንሶችን አንድ ዓይን ምልክት ባለው ንጥረ ነገር ወግቶ ክሮቹ የት እንደደረሱ ተከተለ። መልእክቱ ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሱ በፊት ክሮቹ የሚያርፉበት፣ ታላመስ በሚባል የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ጣቢያ አለ፤ ባደገ እንስሳ የግራና የቀኝ ዓይን ክሮች በዚህ ጣቢያ የየራሳቸው ንጣፍ አላቸው፣ አይቀላቀሉም። ጽንሱ ላይ ግን መጀመሪያ ተደበላልቀው ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ተለያዩ፤ እንስሳው ሳይወለድ ልየታው አለቀ። በ1983 እሱና ባልደረባው ራይሊ ክሮቹን ቆጠሩ፦ በጽንሱ የእይታ ነርቭ ውስጥ 2.8 ሚሊዮን ያህል የነበሩት ሲያድግ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ቀሩ። ከግማሽ በላዩ ተዘርግቶ ጠፍቷል።

ታዲያ ብርሃን በሌለበት ማሕፀን ውስጥ ማን ነው የሚለየው?

አንደኛው መልስ ከጀርመኗ ቱቢንገን መጣ። በ1987 የፍሬድሪክ ቦንሆፈር ቡድን የጫጩት ጽንስን የአንጎል መድረሻ ከፊትና ከኋላ ቆርጦ ፈጭቶ፣ የሁለቱን ሽፋን እንደ ጥለት በተራ በተራ አነጠፈ። በጆሮ ግንድ በኩል ካለው የሬቲና ጎን የመጡት ክሮች የፊቱን ጥለት ይዘው ቀጥ ብለው አደጉ፤ የኋላውን ጥለት አልረገጡም። ስፔሪ እንደ ቁልፍና ጓንጉላ የሚፈላለጉ ኬሚካሎችን ነበር ያሰበው፤ እዚህ የታየው ግን የሚገፋ ነገር ነው። በ1995 የቦንሆፈር ቡድንና ሃርቫርድ የነበረው የጆን ፍላናገን ቡድን ኬሚካሎቹን ለየብቻ አገኟቸው፤ ዛሬ ኤፍሪን ይባላሉ። መጠናቸው ከፊት ወደ ኋላ እየጨመረ ይሄዳል። ጭስ የሞላበት ማዕድ ቤት ውስጥ ጭስ የማይችል ሰው በሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ የቻለው ደግሞ እስከ ጉልቻው ድረስ እንደሚጠጋ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ክር ኤፍሪንን በሚችለው መጠን ገብቶ ይቆማል። ሚሊዮን አድራሻ ሚሊዮን ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ጥቂቱን በመጠን መለያየት ይበቃል።

ኤፍሪን ክሩን ወደ ሰፈሩ ያደርሰዋል። ቤቱን በትክክል ለመለየት ግን አይበቃም። ሁለተኛውን መልስ የፈለገችው ካርላ ሻትዝ ናት። ሃርቫርድ ላይ የሂዩበልና የቪዝል ተማሪ ሆና በ1976 በዶክትሬት ተመረቀች፤ ከራኪች ጋርም ሠርታለች፤ ሁለቱንም ወገን ከውስጥ ታውቃለች ማለት ነው። በ1988 ከማይክል ስትራይከር ጋር ማሕፀን ውስጥ ያሉ የድመት ጽንሶች ላይ ቴትሮዶቶክሲን አፈሰሱ። ይህ መርዝ ራሱን ከሚነፋው ዓሣ የሚገኝ ሲሆን የነርቭን የኤሌክትሪክ ምት ጸጥ ያደርጋል። የሁለቱ ዓይኖች ክሮች ሳይለያዩ ቀሩ። እንግዲህ ገና ምንም ያላየው ዓይን ለአንጎል አንድ ነገር እየላከ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን ፒሳ ውስጥ ሉቺያ ጋሊና ላምቤርቶ ማፌይ ያልተወለዱ አይጦች ሬቲና ውስጥ ኤሌክትሮድ አስገብተው ህዋሳቱ በጨለማ ውስጥ ሲተኩሱ ሰሟቸው።

ምን እያሉ ነው የሚተኩሱት? በ1991 ማርከስ ማይስተር፣ ሬቸል ዎንግ፣ ዴኒስ ቤይለርና ሻትዝ የፌሬትን ሬቲና 61 ኤሌክትሮዶች ላይ ዘረጉት። ፌሬት ሙጭልጭላ የሚመስል እንስሳ ነው፤ ሲወለድ ጥሬ ስለሆነ ዓይኑን የሚገልጠው ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ህዋሳቱ ዝም ብለው በየፊናቸው አልተኮሱም። አንድ ቦታ ይጀምራል፤ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤ ያም ቀጣዩን፤ ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚያጎነብሰው ሞገዱ ሬቲናውን አቋርጦ ያልፋል። ከዚያ ጸጥታ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሌላ ሞገድ፣ ከሌላ ቦታ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ።

የዚህ ነገር ብልሃት ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ጎረቤት የሆኑ ህዋሳት አብረው ይተኩሳሉ፤ የተራራቁት በተለያየ ጊዜ። ግራ ዓይንና ቀኝ ዓይን ደግሞ ሞገዳቸው አይገጣጠምም። ስለዚህ አንጎል ውስጥ ያለው ህዋስ ማን ከማን ጋር እንደሚውል ከጊዜው ብቻ ማወቅ ይችላል። ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ በ1949 አብረው የሚሠሩ ህዋሳት ግንኙነታቸው ይጠነክራል ብሎ ነበር፤ ሬቲና ይህን ትምህርት ለአንጎል ከብርሃን በፊት ትሰጠዋለች። ድሩን የሚዘረጋው ኬሚካል ነው፤ ማጉን ማስገባት የሚጀምረው ሞገዱ፤ ብርሃን የሚመጣው ጥበቡ መልክ ከያዘ በኋላ ነው።

ትርፍ ግንኙነቶች እንዴት ይወገዳሉ ለሚለው መልሱ ያልታሰበ ቦታ ተገኘ። በ2007 ቤት ስቲቨንስና ቤን ባረስ፣ ሰውነት ተህዋስያንን ምልክት የሚያደርግበት ሲ-አንድ-ኪው የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን በዓይንና በአንጎል መገናኛ ላይም እንደሚሠራ አሳዩ። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች ትርፍ ግንኙነታቸውን አላስወገዱም። በ2012 ዶሮቲ ሼፈርና ስቲቨንስ ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ጠባቂ ህዋሳት የደከመውን መገናኛ ሲውጡ በምስል ያዙ። ብዙ የሚውጡትም ከሁለቱ ዓይኖች ትንሽ የተኮሰውን ነበር።

የሞሊኒው ጥያቄም መልስ አገኘ። የኤምአይቲ ተመራማሪ ፓዋን ሲንሃ ሕንድ ውስጥ ፕሮጀክት ፕራካሽ የተባለ ሥራ ጀመረ፤ ፕራካሽ በሳንስክሪት ብርሃን ማለት ነው። ዓላማው ሲወለዱ ጀምሮ ማየት ያልቻሉ ሕፃናትን ፈልጎ ማሳከምና ከእነሱም መማር ነው። በ2011 እሱና ባልደረቦቹ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 5 ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ፈተኑ። በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ በዓይናቸው መለየት አልቻሉም፤ ሞሊኒው እንዳለው። ነገር ግን በቀናት ውስጥ ቻሉ። የሂዩበልና የቪዝል በር፣ ለሁሉም ነገር እኩል አይዘጋም ማለት ነው። የጠራ እይታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የዳሰሱትን ካዩት ጋር ማገናኘት ግን በፍጥነት ተምረዋል።

ሞገዱ ላይ የሚደረገው ምርምር ቀጥሏል። በ2012 የዬል ዩኒቨርሲቲው ማይክል ክሬርና ባልደረቦቹ ዓይናቸው ያልተገለጠ የአይጥ ግልገሎች በሕይወት ሳሉ ሞገዱ ከሬቲና ተነስቶ እስከ አንጎል ቅርፊት ሲደርስ ቀረጹ፤ እስከዚያ ድረስ ከሰውነት ተለይቶ በወጣ ሬቲና ላይ ብቻ ነበር በደንብ የታየው። በ2021 ደግሞ ቡድኑ የሞገዱን አቅጣጫ ለካ። ግልገሎቹ ዓይናቸውን ሊገልጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሞገዱ እንዳሻው መሄዱን ይተዋል፤ በአመዛኙ በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል። ያ አቅጣጫ እንስሳ ወደ ፊት ሲራመድ ዙሪያው ያለው ዓለም ዓይኑ ላይ የሚፈስበት አቅጣጫ ነው። ግልገሉ ጎጆው ውስጥ ተኝቷል። ዓይኑ ተዘግቷል፤ ገና አልተራመደም። ሬቲናው ግን መንገድ ሲሄዱ ዓለም ምን እንደሚመስል ለአንጎሉ እያሳየው ነው።